ሕብረ ሕዋስ ሲነካቸው የሚነቁ ነገሮች፦ የቁስል ሙጫ፣ ደም ማቆሚያ፣ ባዮአክቲቭ መስታወት

ስፌት ጠል
ሰላም ለሁላችሁም። የቁስል ሙጫ፣ ደም ማቆሚያ ጎዝ እና ፋይብሪን (ከደም ማርጊያ ፕሮቲን የሚሠራ) ማጣበቂያ በአንድ የአጠቃቀም መመሪያ ላይ መስፈር አለባቸው። ሦስቱም በማሸጊያቸው ውስጥ ዝም ብለው ቆይተው አካል ሲነኩ ነው ሥራ የሚጀምሩት። ትእዛዛቸው ግን ይጣረሳል፦ አንዱ «ቦታው ይድረቅ» ይላል፣ አንዱ «ደሙ ይንካው»፣ ሌላው «በምንም ፈሳሽ አትንከሩ»። መሸምደድ አልፈልግም። የእያንዳንዱን መቀስቀሻ እና ሲበላሽ ለምን እንደሚበላሽ የምታውቁ ጻፉልኝ።

ፖሊመር
ከሙጫው እንነሳ። ሳያኖአክሪሌት በአምፑሉ (በትንሿ ዕቃ) ውስጥ ያልተያያዙ ነጠላ ሞለኪውሎች ያሉበት ቀጭን ፈሳሽ ነው። ተያይዘው ሰንሰለት ለመሆን የሚፈልጉት በጣም ደካማ የሆነ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) ብቻ ነው፤ ቆዳ ላይ ያለው ስስ እርጥበት እና የፕሮቲኖች አሚን ይበቃቸዋል። አምራቹ ትንሽ አሲድ የሚጨምርበት ለዚህ ነው፦ አሲዱ ሰንሰለቱ ሳይጀመር ያግተዋል። ቆዳ ላይ ሲያርፍ አሲዱ ይሸነፍና ሰንሰለቱ በሰከንዶች ውስጥ ይረዝማል። ሙጫው ሕያው የሆነውንና ያልሆነውን አይለይም። ለእሱ እርጥብ ጓንት፣ ፎርሴፕስ (መቆንጠጫ) እና የዐይን ሽፋሽፍት አንድ ናቸው።

እርጥበት ይቀሰቅሰዋል ማለት ግን በደም የራሰ ቁስል ላይ ይሻላል ማለት አይደለም። ብዙ ፈሳሽ ካገኘ በፈሳሹ ገጽ ላይ ወዲያው ይጋገራል፤ ከቆዳው ጋር ሳይያያዝ እንደ ቅርፊት ይነሳል። ደግሞም ሲጋገር ሙቀት ያወጣል። ስስ ሽፋን የሚያወጣው ሙቀት ለብ ያለ ስሜት ብቻ ነው፤ ወፍራም ጠብታ ግን ያቃጥላል።

ስለዚህ ደሙ መጀመሪያ ይቆማል፣ ቁስሉ ይታጠባል፣ በዙሪያው ያለው ቆዳ በጎዝ ተጠቅጥቆ ይደርቃል። ጠርዞቹ በጣት ወይም በፎርሴፕስ ይገጠማሉ፣ በጥቂቱ ወደ ውጭ ገልበጥ ብለው። አምፑሉ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ይሰበራል፣ ከዚያ ተገልብጦ ጫፉ እስኪርስ ብቻ ይጨመቃል። በገጠሙት ጠርዞች ላይ በስሱ ይቀባል፣ ከቁስሉ ግራና ቀኝ ከ5 እስከ 10 ሚ.ሜ. ድረስ። 30 ሰከንድ ያህል ይጠበቅና ይደገማል። ለተለመደው ኦክቲል ዓይነት ሦስት ሽፋን ነው፤ ወፍራም ሆነው ለተሠሩት በወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ይያዛል። ከመጨረሻው ሽፋን በኋላ ጠርዞቹ 60 ሰከንድ ያህል ተይዘው ይቆያሉ። ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፣ ስለዚህ ለመፈተን አትጣደፉ።

ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት ሙጫውን በጠርዞቹ መሀል ማስገባት ነው። የሚያያይዘው ከላይ ያለው ድልድይ ነው። መሀል የገባው ባዕድ ግድግዳ ሆኖ ሁለቱ ጠርዞች እንዳይገናኙ ያደርጋል፣ ቁስሉም ይከፈታል።

ኦፕሬሽን ክፍል 3
ፖሊመር ያለው ልክ ነው፣ ሁለት ነገር ልጨምር።

ጥጥ አታስጠጉ። ሳያኖአክሪሌት ከጥጥ፣ ከሱፍና ከወረቀት ጋር ሲገናኝ በጣም በፍጥነት ይጋገራል፤ የፋይበሩ ስፋት ትልቅ ስለሆነ ሙቀቱ ቆዳ እስከማቃጠል ይደርሳል። የተረፈውን ለመጥረግ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ማንሳት የተለመደ ነገር ነው፤ ይቅር። ከመጋገሩ በፊት በደረቅ ጎዝ ፈጠን ብሎ ይጠረጋል፣ ተጭኖ አይቆይም።

ሁለተኛው ዐይን ነው። ግንባርና ቅንድብ ላይ ሲሠራ ታካሚው ተኝቶ ጭንቅላቱ ዘንበል ይላል፣ ፈሳሹ ሲወርድ ከዐይን እንዲርቅ። በቁስሉና በዐይኑ መሀል የቫዝሊን መስመር ይደረጋል። ዐይኑ በእርጥብ ጎዝ ይሸፈናል፦ ያመለጠው ጠብታ ጎዙ ላይ ይጋገራል። ሽፋሽፍት ከተጣበቀ በኃይል አይከፈትም፣ በመቀስም አይታገሉትም። በውሃ ይታጠባል፣ የዐይን ቅባት ይደረግና ይጠበቃል፤ ሙጫው በጥቂት ቀናት ራሱ ይለቃል። ኮርኒያው (የዐይኑ ፊት ጥርት ያለ ሽፋን) መጫሩን ግን የዐይን ሐኪም ማየት አለበት። አሴቶን ለጣት ቆዳ እንጂ ለዐይን፣ ለአፍና ለክፍት ቁስል አይሆንም።

ስፌት ጠል
በጣም ጥሩ። ቫዝሊን መከላከያ ከሆነ ከተጣበቀ በኋላ ቁስሉ ላይ ቅባት ማድረግስ?

ፖሊመር
አይደረግም። ቅባት ፖሊመሩን ያለሰልሰዋል፣ ከቀኑ በፊት ይለቃል። ሙጫው ራሱ ሽፋን ነው፤ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ከቆዳው የላይኛ ንብርብር ጋር ይረግፋል። አጭር ገላ መታጠብ ችግር የለውም፤ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ መፈተግ እና ፕላስተር በላዩ ለጥፎ መንቀል ግን ይነሳዋል።

የት እንደማይሆን ደግሞ፦ በንክሻ ቁስል፣ በተመረዘ ቁስል፣ በከንፈር ውስጥና በሌላ እርጥብ ገጽ፣ እንዲሁም ቆዳው በሚወጠርበት መገጣጠሚያ ላይ አይሆንም። ጠርዞቹ በቀላሉ የማይገጥሙ ከሆነ ከስር ስፌት ያስፈልጋል። ሙጫ ውጥረትን አይሸከምም።

ስለ ዓይነቶቹም ጠይቁኝ፣ ይህን ርዕስ እወደዋለሁ።

የፋርማሲ ድመት
ሳትጠየቅም ልትጽፍ ነው። የቤት ሙጫና የቁስል ሙጫ ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንድ ቤተሰብ ናቸው እየተባለ ሰው የቤቱን ይቀባል።

ፖሊመር
ቤተሰቡ አንድ ነው፣ የጎን ሰንሰለቱ ርዝመት ይለያያል። የቤቱ በአብዛኛው ኤቲል ነው። ሜቲልና ኤቲል አጭር ሰንሰለት ስላላቸው ቶሎ ይፈርሳሉ፣ ሲፈርሱም ፎርማልዲሃይድና ሳያኖአሴቴት ይለቃሉ፤ ሕብረ ሕዋሱ የሚቆጣው በእነዚህ ነው። ቡቲልና ኦክቲል ረዘም ስለሚሉ ቀስ ብለው ይፈርሳሉ፣ መርዙም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ቡቲል ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ነው፣ ለአጭርና ቀጥ ላለ ቁስል ይበቃል። ኦክቲል መለጠጫ ስለሚጨመርበት ይተጣጠፋል። የቤቱ በዚያ ላይ ከጀርም ነጻ አይደለም፣ ሙቀቱም ይበልጣል።

ለታሪክ ወዳዶች፦ ሃሪ ኩቨር ይህን ቤተሰብ ያገኘው በ1942 እ.ኤ.አ. ለጦር መሣሪያ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈለግ ነው፤ የነካውን ሁሉ ስለሚያጣብቅ ተትቶ ነበር። በ1951 ኢስትማን ኮዳክ ውስጥ እንደገና ታይቶ በ1958 ለገበያ ወጣ። በቬትናም ጦርነት የሚረጭ ዓይነቱ ደም ለማቆም ውሏል። በአሜሪካ ኦክቲል ለቆዳ የተፈቀደው በ1998 ነው።

ካቴተር
እኛ ጋ ያው ቡቲል ሥሩን ለመዝጋት በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ደም ሥር ውስጥ ይገባል፣ የመቀስቀሻው ነገር እዚያ ጨክኖ ይታያል። ደም አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) እና ፕሮቲን የሞላበት ስለሆነ ሙጫው ካቴተሩን እንደወጣ ይጋገራል። ሳላይንም (የጨው ውሃ) አዮን አለው። ካቴተሩ በሳላይን ታጥቦ ሙጫ ከተላከበት መንገድ ላይ ይጋገርና ካቴተሩ ይዘጋል። ስለዚህ ካቴተሩ በ5% ዴክስትሮዝ ይታጠባል፦ ስኳር አዮን ስላልሆነ አይቀሰቅሰውም። የጋራ ሳህን አይኖርም፣ ሙጫው የሚዘጋጅበት ጠረጴዛም ጓንትም የተለየ ነው። በሳላይን የነካካ ጓንት አምፑሉን አይነካም።

የመጋገሪያው ጊዜ የሚስተካከለው በሊፒዮዶል ነው፤ ዘይቱ ሙጫውን ያዘገየዋል፣ በኤክስሬይም ያሳየዋል። ለፈጣን ፍሰት 1፡1፣ ሩቅ እንዲደርስ ሲፈለግ እስከ 1፡4 ይቀጥናል። ብዙ ዘይት ከሆነ ሙጫው ሳይጋገር አልፎ ሳንባ ይደርሳል። ትንሽ ከሆነ የካቴተሩ ጫፍ ከሥሩ ጋር ይጣበቃል። ከተላከ በኋላ ካቴተሩ ወዲያው ይሳባል፣ አመንትቶ መቆየት የለም።

ፋሻ ባለሙያ
ወደ ደም ማቆሚያ ጎዝ ልውሰዳችሁ። ሁለት የተለያየ መቀስቀሻ ያላቸው በአንድ መደርደሪያ ስለሚቀመጡ ሰው ያምታታቸዋል።

ካኦሊን ሸክላ ነው። ገጹ አሉታዊ ቻርጅ ስላለው በደም ውስጥ ያለውን ፋክተር 12 (ከደም ማርጊያ ፕሮቲኖች አንዱን) ያነቃዋል፣ ከዚያ የመርጋቱ ሰንሰለት እስከ ፋይብሪን ይሄዳል። ሸክላው ራሱ ደም አያረጋም፤ የታካሚውን ፋክተሮች ቀድመው እንዲነሱ ያደርጋል። ፋክተር ከሌለ፣ ወይም ደሙ በፈሳሽ ቀጥኖ አካሉ ከቀዘቀዘ፣ የሚነቃው ነገር ያንሳል።

ኪቶሳን ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ ሲሆን አዎንታዊ ቻርጅ አለው። የቀይ ደም ሕዋሳት ገጽ አሉታዊ ስለሆነ ይስባቸውና ዝልግልግ መሰኪያ ይሠራል። የመርጋት ፋክተሮችን አይጠብቅም።

አጠቃቀሙ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው፣ የሚያበላሸውም አንድ ነው፦ ጎዙ ከላይ ይጣላል፣ የሚደማው ሥር ግን ከታች ነው። ጎዙ ላይ ያለው ዱቄት የሚሠራው ከሚፈስሰው ደም ጋር ሲገናኝ ነው፣ ቀድሞ ከተጠራቀመውና ከረጋው ጋር አይደለም። ስለዚህ የተጠራቀመው በፍጥነት ይጠረጋል፣ የሚፈስስበት ነጥብ በጣት ይፈለጋል፣ ጎዙ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ እየታጠፈ ጥግጥግ ብሎ ይሞላል። አንድ ጥቅል ካኦሊን ጎዝ 3.7 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ ይገባል። ከቆዳው በላይ እስኪያብጥ ይሞላና በሁለት እጅ 3 ደቂቃ ሙሉ ይጫናል፣ በሰዓት። ገልጦ ማየት የለም፤ እጅ ሲነሳ የጀመረው መርጋት ይበጠሳል። ተራ ጎዝ ከሆነ ቢያንስ 10 ደቂቃ ነው። ከ3 ደቂቃ በኋላም የሚደማ ከሆነ ነጥቡ ስቷል ማለት ነው፤ አውጥቶ በአዲስ እንደገና መሙላት ይቻላል። ከዚያ ጠበቅ ያለ ፋሻ ይከተላል፣ የገባው ጎዝ ቁጥርም ይጻፋል። ደረትና ሆድ ውስጥ አይሞላም።

ስፌት ጠል
ዋርፋሪን (የደም መርጋት መከላከያ) ለሚወስድ ሰው እንግዲህ ኪቶሳን ይመረጣል?

ፋሻ ባለሙያ
ሁለቱም እጅ ላይ ካሉ ኪቶሳንን አነሳለሁ፣ በሄፓሪን ለታከመ ሰውም እንደዚያው። ያለው ካኦሊን ብቻ ከሆነ ግን ይሞላ፤ ግፊቱ ራሱ አብዛኛውን ይሠራል። በዱቄቱ ተማምኖ ግፊቱን መቀነስ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጠላት ነው።

በነገራችን ላይ የድሮው ዚዮላይት ዱቄት አሁንም በአንዳንድ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ዚዮላይት የደሙን ውሃ እየመጠጠ የመርጋት ፋክተሮችን ያከማቻል፣ ሲመጥጥ ግን ከፍተኛ ሙቀት ያወጣል፤ ቆዳና ጡንቻ አቃጥሏል። ይወገድ።

ኦፕሬሽን ክፍል 3
ደም የሚያቆመውን ኦክሲዳይዝድ ሴሉሎስ መረብ አትርሱ፣ በጣም በስሕተት የሚነከረው እሱ ነው። መቀስቀሻው ደም ነው፤ ሲርስ አሲድ ይሆናል፣ ፒኤች 3 ገደማ። አሲዱ ደሙን አጥቁሮ ጥቁር ቡናማ ጄል ያደርገዋል፣ ጀርምንም ያዳክማል። በደረቁ ነው የሚቀመጠው። ቀድሞ በሳላይን ከተነከረ ደም ለመምጠጥ ቦታ አይኖረውም። በትሮምቢን መንከር ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው፦ ትሮምቢን ደም የሚያረጋ ኢንዛይም ስለሆነ በዚያ አሲድ ውስጥ ይሞታል። ትሮምቢን የሚነከርበት ጄላቲን ስፖንጅ ነው።

ሲርስ ያብጣል። የአከርካሪ ቀዳዳ፣ የዐይን ነርቭ አጠገብ እና ማንኛውም አጥንት የከበበው ጠባብ ቦታ ላይ ደሙ ከቆመ በኋላ መውጣት አለበት፤ እብጠቱ ነርቭ ይጫናል። ሆድ ውስጥ ሲተው በትንሹ ይተው፣ በቀዶ ሕክምና ሰነዱ ላይም ይጻፍ፤ በኋላ በሲቲ ስካን ላይ አየር የያዘ መግል መስሎ ይታያልና አንባቢው ሳያውቅ ታካሚው እንደገና ሊከፈት ይችላል።

ፋይብሪን ማጣበቂያ ደግሞ መቀስቀሻውን ይዞ ነው የሚመጣው። በአንድ መርፌ ፋይብሪኖጅን (ወደ ፋይብሪን የሚለወጠው) እና ፋክተር 13፣ በሌላው ትሮምቢንና ካልሲየም። ሲገናኙ የደም መርጋት የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ይደገማል፣ ታካሚው የራሱን ፋክተር ማዋጣት የለበትም። ትሮምቢኑ በሚ.ሊ. 500 ዩኒት ከሆነ በሰከንዶች ይረጋል፣ ለሚደማ ገጽ ይህ ነው። 4 ዩኒት ከሆነ እስከ አንድ ደቂቃ ይሰጣል፣ ቆዳ ለማስተካከል ጊዜ ሲፈለግ። የቀዘቀዘው በ37 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ፕሮቲኑ ይበላሻል። አንዴ ከቀለጠ ወደ ማቀዝቀዣ አይመለስም።

ገጹ በአልኮል ወይም በአዮዲን ተጠርጎ ከሆነ ቅሪቱ ታጥቦ ይድረቅ፤ ሁለቱም ትሮምቢንን ይገድላሉ። ስስ ይሁን። በመሀል ከቆመ ጫፉ ውስጥ ይረጋል፣ ስለዚህ ትርፍ ጫፍ አጠገብ ይቀመጥ፤ በተዘጋ ጫፍ ላይ ኃይል መጨመር አንዱን መርፌ ብቻ ያስወጣል። ከተቀባ በኋላ ክፍሎቹ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሳይነቃነቁ ይያዛሉ። የሚረጭ ከሆነ የጋዙ ግፊትና ርቀቱ በመሣሪያው ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፦ በቅርብና በከፍተኛ ግፊት ሲረጭ አየር ደም ሥር ገብቶ ሰው ሞቷል። ደም ሥር ውስጥ መውጋትማ የሚታሰብ አይደለም።

መንጋጋ
ከጥርስና አጥንት በኩል ባዮአክቲቭ መስታወት። ላሪ ሄንች በ1969 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የሠራው 45S5 በክብደት 45% ሲሊካ፣ 24.5% ሶዲየም ኦክሳይድ፣ 24.5% ካልሲየም ኦክሳይድ፣ 6% ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ ነው። የመስኮት መስታወት አጥንት ላይ አይጣበቅም፣ ይህ ይጣበቃል፤ ሲሊካው አነስተኛ፣ ሶዲየሙና ካልሲየሙ ብዙ ስለሆነ ነው። ሲሊካው ከ60% ሲያልፍ ማጣበቁ ይጠፋል።

የሚያነቃው የሰውነት ፈሳሽ ነው። ሶዲየም ይወጣል፣ በቦታው ሃይድሮጅን ይገባል፣ በዙሪያው ያለው ፒኤች ከፍ ይላል። ገጹ ላይ የሲሊካ ጄል ይቀራል፤ በጄሉ ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ተሰብስበው የአጥንት ማዕድን የሚመስል አፓታይት ይሆናሉ። አጥንት የሚይዘው ያንን ንብርብር ነው።

የሚበላሸው በምን? አንደኛ፣ ፍርፋሪውን ጠቅጥቆ መሙላት። ፈሳሽ በመሀሉ ካልተላለፈ ውስጠኛው አይነቃም፤ ፒኤቹም ሳይቀንስ ይቆያል። በሳላይን ወይም በታካሚው ደም ረጠብ ተደርጎ ሳይጨመቅ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ ቀድሞ እርጥበት ያገኘ ማሸጊያ፦ ምላሹን ዕቃው ውስጥ ጀምሯል፣ ይጣላል። በዚህ ምክንያት ነው ይህ መስታወት ያለባቸው የጥርስ ሳሙናዎች ከውሃ ይልቅ ግሊሰሪን የሚኖራቸው፤ ምራቅ እስኪነካው መተኛት አለበት። ስለዚህ ብሩሹን በውሃ አጥለቅልቆ መጀመር አይመከርም።

የፋርማሲ ድመት
ብር ናይትሬት እንጨትን (ትንሽ መድማትን በማቃጠል የሚያቆመውን) አንድ ሰው ያንሳ ብዬ ስጠብቅ ነበር። ጫፉ ላይ ያለው 75% ብር ናይትሬትና 25% ፖታሲየም ናይትሬት ነው። ደረቅ ሆኖ ምንም አይሠራም፤ እርጥበት ሲያገኝ ብሩ ይለቅና የሕብረ ሕዋሱን ፕሮቲን ያረጋዋል፣ ነጭ ግራጫ ቅርፊት ይታያል። ጫፉ የሚረጥበው በንጹሕ ውሃ ነው። ቁስሉ በሳላይን ታጥቦ ካልደረቀ ክሎራይዱ ብሩን ይይዘዋል፣ ጥቅም የሌለው ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ያው ሳላይን በሌላ በኩል ማቆሚያ ነው፦ በዛ ካለ ወይም ጤነኛ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ በሳላይን ይታጠባል። በዙሪያው ቫዝሊን ይደረግ። ልብስና ቆዳ ያጠቁራል፣ የቆዳው ይለቃል፣ የልብሱ አይለቅም።

ካቴተር ካለው ጋር አስተያዩት፤ አንዱን ሳላይን ይቀሰቅሰዋል፣ ሌላውን ያስተኛዋል።

ስፌት ጠል
ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድም ከዚሁ ይመደባል? ቁስል ሲነካ የሚፈላው?

የፋርማሲ ድመት
ይመደባል። ያልተነካ ቆዳ ላይ ብዙም አይፈላም፤ ቁስል ላይ ከሕዋስና ከደም የወጣ ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስላለ ወዲያው ወደ ውሃና ኦክስጅን ይሰብረዋል። 3% የሆነው 1 ሚ.ሊ. ወደ 10 ሚ.ሊ. ኦክስጅን ያወጣል። ይህን ቁጥር በጠባብና በጥልቅ ቁስል ውስጥ አስቡት፦ ጋዙ መውጫ ካጣ ወደ ደም ሥር ይገባል። በመርፌ ወደ ውስጥ አይገፋም።

ፋሻ ባለሙያ
እኔ ክፍት ቁስል ላይም አልጠቀምበትም። አረፋው የሚሠራ ያስመስለዋል እንጂ ካታሌዙ በፍጥነት ስለሚሰብረው ጀርሙን የሚገድልበት ጊዜ አጭር ነው፣ አዲሱን ሕዋስ ግን ይጎዳል። በዛ ያለ ንጹሕ ውሃ ወይም ሳላይን ይሻላል።

የፋርማሲ ድመት
የደረቀ ደምን ከጨርቅና ከመሣሪያ ለማላቀቅ እተወዋለሁ። ለቁስል ማጠቢያ አልሟገትልህም።

የሚዋጡ መድኃኒቶችንም የሚጠይቅ ስላለ አንድ ምሳሌ ብቻ፦ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ መቀነሻ) ሲዋጥ የተኛ ነው። በደም ዞሮ አሲድ አመንጪው የጨጓራ ሕዋስ ዘንድ ሲደርስ በዚያ ጠንካራ አሲድ ይለወጥና ከሕዋሱ የአሲድ ፓምፕ ጋር ይታሰራል። ካፕሱሉ ውስጥ ያሉት እንክብሎች ከተደቀቁ በጨጓራ ጎድጓዳ ውስጥ ያለጊዜው ይነቃና ይጠፋል። ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ የሚወሰደውም ፓምፖቹ በምግብ ሲነሱ መድኃኒቱ በደም ውስጥ እንዲገኝ ነው።

አወያይ
የሚዋጡት በሌላ ክር ይቀጥሉ፣ እዚህ ገጽ ላይ የሚቀመጡት ይብቁን።

ስፌት ጠል
መመሪያው ላይ ከስም ቀጥሎ «መቀስቀሻ» የሚል ዓምድ አስገባለሁ። የቀረኝ የተከፈተ የሙጫ አምፑል ነው፤ ክዳን ተደርጎበት ለሚቀጥለው ታካሚ ይቆያል ወይ?

ፖሊመር
አይቆይም፣ የአንድ ሰው ነው። የአየር እርጥበት ከጫፉ ጀምሮ ያጋግረዋል፣ ጀርም የመተላለፉ ነገርም አለ። ያልተከፈተው በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሙቀት ይቀመጥ፤ ቡቲልና ኦክቲል አንድ አይደሉም፣ ማቀዝቀዣ የሚፈልግ አለ። ከማቀዝቀዣ የወጣ እሽግ የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ አይከፈት፣ ጤዛው ጫፉ ላይ ያጋግረዋል። አምፑሉን ገልብጣችሁ ስታዩ ፈሳሹ እንደ ውሃ ካልሄደና እንደ ማር ከተጎተተ መጋገር ጀምሯል። ወፍራም ተብሎ የተሠራው ዓይነት ከሆነ ግን መጎተቱ ባሕርዩ ነው፣ ለእሱ የሚታየው የማብቂያ ቀኑ ነው።